ሦስት ቅዳሜ በአንድ ፍሬን



በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ክፍል አያያዝና ስለ ፈተና አወጣጥ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ፍሬን ነው። በዕረፍት ሰዓት ሻያችሁን ጠጥታችሁ ስትመለሱ ቆማችሁ እንደምታነቡ ስለማውቅ መግቢያ አላበዛም።

መኪናዋ የአባቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ባለ 1200 ሞተር ስትሆን፣ አባቴ ከመምህርነት ደመወዙ እየቆጠበ በ1967 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ገዛት። እኛ ልጆቹ ያደግነው የኋላ ወንበሯ ላይ ተደራርበን ነው። የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ማለት ነው፣ ሙሽራ ሆና ወደ ደጀን የሄደችውም በእሷው ነበር። አክስቴ አረፈችና የሙት ዓመቷ ሲቃረብ አባቴ ጠራኝ።

«በቮልሷ ነው የምሄደው። ያደረስኳት በእሷ ነው» አለኝ።

የኪራይ መኪና እንያዝ አልነው፤ በአውቶቡስ እንሂድ አልነው፤ አሻፈረኝ አለ። ዕድሜው 83 ነው። መኪናዋ ደግሞ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ሳትንቀሳቀስ አራት ዓመት ሆኗታል። የቀረን ጊዜ አራት ሳምንት ነበር። ሞተሯ ባትሪ ሲቀየርላት ብዙም ሳታስቸግር ተነሳች። ፍሬኗ ነው ጉድ ያፈላው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደጀን የሄደ ሰው ጎሃ ጽዮንን ሲያልፍ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝና ቁጭ ብዬ አሰላሁት። መኪናዋ ከነሰዉ 900 ኪሎ ግራም ብትሆንና 1,000 ሜትር ብትወርድ፣ የሚለቀቀው ኃይል ከ25 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። እርግጥ ሁሉንም ፍሬኑ አይሸከመውም፤ በሁለተኛ ማርሽ የወረደ እንደሆነ ሞተሩ አብዛኛውን ይይዝለታል። የተረፈው ግን ፍሬኑን ለማቃጠል አያንስም። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን ቮልስ አራቱንም እግሮች የሚያዘው በአንድ የዘይት መስመር ብቻ ነው። አንዱ ጋ የተበሳ እንደሆነ አራቱም ይሄዳሉ፤ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ነው። አባቴን የምጭነው እንግዲህ በዚህ ላይ ነበር።

አሠራሩን ለማታውቁት ባጭሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ «ማስተር» የሚባለው ዋናው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፒስቶን ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ በቀጭን የብረት ቱቦና በጎማ ቱቦ አድርጎ በየእግሩ ወዳለው ትንሽ ሲሊንደር ይሄዳል፤ እዚያ ያሉት ፒስቶኖች የፍሬን ሸራ የተለበጠበትን ብረት ገፍተው ከታምቡሩ ጋር ያጣብቁታል። ፈሳሽ አይታመቅም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ እግራችን የሰጠው ግፊት ሳይጎድል ይደርሳል። የፓስካል ሕግ ብለን በ17ኛው መቶ ዘመን በኖረው ፈረንሳዊ ስም የምናስተምረው ይኸው ነው። አየር ግን ይታመቃል። መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ እግራችን የሚገፋው አየሩን ለማጨቅ ይውላል፤ ሸራው አይነቃነቅም። አየሩን ለማስወጣት በየእግሩ ሲሊንደር አናት ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ብሎኗን ይከፍታል፣ አየሩ ከዘይት ጋር ይወጣል፣ ብሎኗ ትዘጋለች፣ ከዚያ ፔዳሉ ይለቀቃል። ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬያለሁ። በእጄ ግን ሠርቼው አላውቅም ነበር፤ ይህን የምነግራችሁ ሳላፍር አይደለም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የቀኙን የኋላ ታምቡር አወጣሁት። ሲሊንደሩ ዘይት እያለቀሰ ነበር። አንዱ ካረጀ ሌላው አይቆይም ብዬ የሁለቱንም የኋላ እግሮች ሲሊንደር በአዲስ ቀየርኩ። ታምቡሩ አልወጣ ብሎ ስላስቸገረኝ የሸራ ማስተካከያዎቹን፣ ጥርስ ያላቸውን ኮከቦች ማለቴ ነው፣ በካቻቢቴ ወደ ኋላ ብዙ መለስኳቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

10ኛ ክፍል የምትማረውን ልጄን ሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። «ያዝ ስልሽ ትረግጫለሽ፤ ሳልነግርሽ እንዳትለቂ» አልኳት። ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ከቀኝ የኋላ እግር ጀመርን፤ ከዚያ ግራ የኋላ፣ ከዚያ ቀኝ የፊት፣ በመጨረሻ ለማስተሩ የሚቀርበው ግራ የፊት። ተራው ትክክል ነበር። ሌላው ሁሉ ስሕተት ነበር ማለት ይቀላል። በሦስተኛው እግር ላይ ሳለን፣ ከትርፍ ጎማው ጀርባ ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ ማየት ረሳሁና ባዶ ቀረ፤ አየሩን ከታች እያወጣሁ ከላይ አዲስ አየር አስገባሁ። እንደገና ከሀ ጀመርን። ዘይት ሲያልቅብኝ ከብርጭቆው የወጣውን፣ አረፋ የሞላውን ዘይት መልሼ ጨመርኩት። ልጄም ቶሎ እንድንጨርስ ብላ ቱፍ ቱፍ እያደረገች ስትረግጥ፣ የነበረውን አየር እንደ ቡላ አማሰለችው። ዘይቱ መከለያዋ ላይ ተንጠባጥቦ የአባቴን ሰማያዊ ቀለም አነሳው። የፍሬን ዘይት ቀለም እንደሚበላ አውቅ ነበር፤ ወዲያው በውኃ መታጠብ ነበረበት፤ አላጠብኩትም።

ማታ ላይ ፔዳሉ የሆነ ቦታ መያዝ ጀመረ። ወረድ ብሎ ነው እንጂ ይይዛል። «ተስተካክሏል» አልኩት አባቴን። አባቴ ከበረንዳው ላይ ሆኖ፣ «እስቲ ነገ ደግሞ ይታያል» ብቻ አለ። በነጋታው ወለል ድረስ ገባ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጠንቀቅ ብዬ ሠራሁ። ያልተከፈተ ዘይት ገዛሁ፤ ምክንያቱም የተለመደው የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ ውኃ ሲጠጣ ግን የሚጠየቀው 140 ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ የጋለ ሲሊንደር ውስጥ የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይታመቃል። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ ገንዘብ ለማዳን ተብሎ አይጨመርም። የሞተር ዘይትማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ብሎኗ ላይ ሰክቼ፣ ጫፉን ዘይት ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከርኩት። ልጄ ቀስ ብላ እየረገጠች «ያዝኩ!» ትላለች፤ እኔ ሩብ ዙር እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ፤ «ልቀቂ!» እላለሁ። በየአምስት ርግጫው ማጠራቀሚያውን እሞላለሁ። ግራ የኋላው ላይ ግን አረፋው አላልቅ አለ። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ፤ አሁንም ጥቃቅን አረፋ። ልጄ እግሯ ዝሎ ልታለቅስ ደረሰች። ኋላ ነው የገባኝ፤ ብሎኗን አብዝቼ ስከፍታት አየሩ በጥርሷ በኩል ከውጭ ሾልኮ ቱቦው ውስጥ ይታያል እንጂ ከመስመሩ የሚመጣ አልነበረም። ውሸታም አረፋ! ብሎኗን ትንሽ ብቻ ከፈት ሳደርጋት ጠፋ።

ይሁን እንጂ አራቱም እግር ንጹሕ ዘይት እያወጣ፣ ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ወለል ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። እኔም «አንድ ቦታ አየር ቀርቷል» ብዬ ሦስተኛውን ጠርሙስ ከፈትኩ። እንደገና ከቀኝ የኋላ። ሰልጣኞች፣ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ይህችን ነገር ታገኟታላችሁ። ተማሪው አልገባኝም ሲል ያንኑ ማብራሪያ፣ ያንኑ ምሳሌ፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ መድገም። እኔ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ስሠራው የዋልኩት ይህንኑ ነው።

አባቴ በረንዳው ላይ ጋቢውን ለብሶ ሲመለከት ቆይቶ ምርኩዙን ይዞ መጣ። ወደ እኔ አላየም፤ ልጄን ነው የጠየቃት።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ጊዜ ስትረግጪው ወደ ታች ይገባል አይደል?»

«አዎ አባባ።»

«ወዲያው ብትደግሚውስ?»

ደገመችው። «ከፍ ብሎ ይይዛል።»

«ሲይዝ እንዴት ነው? እንደ ፍራሽ ነው ወይስ እንደ ድንጋይ?»

ልጄ ትንሽ አሰበች። «እንደ ድንጋይ።»

አባቴ አሁን ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ አየር የት አለ?» አለኝና ወደ በረንዳው ተመለሰ።

ከመኪናው ሥር እንደተኛሁ ፊቴ ጋለ። ነገሩ ግልጽ ነው። አየር ያለበት ፔዳል ቢደጋገም ከፍ ሊል ይችላል፤ ግን ሁልጊዜ እንደ ስፖንጅ ይለመጣል። በሁለተኛው ርግጫ ተነሥቶ ድንጋይ የሚሆን ፔዳል የሚናገረው ሌላ ነው፤ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል፣ የመጀመሪያው ርግጫ ያንን ርቀት ለመሙላት ያልቃል ማለት ነው። ማን አራቀው? እኔ! ታምቡሩ እንዲወጣልኝ የመለስኳቸውን ኮከቦች መልሼ አላጠበቅኋቸውም። በየእግሩ ሁለት ሁለት ናቸው። ታምቡሩ እንቢ ብሎ እስኪቆም አጥብቆ፣ ጎማው በነፃ እስኪዞር ሦስት አራት ጥርስ መመለስ ነው፤ ሥራው ለአራቱም እግር አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሁለት ቅዳሜና ሦስት ጠርሙስ ዘይት ያፈሰስኩበትን ፔዳል አንድ ካቻቢቴ ከፍ አደረገው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጽሑፉም አጭር፣ እኔም ኩሩ በሆንኩ ነበር።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ልጄን ጎኔ አስቀምጬ ለሙከራ ወጣሁ። ወደ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ስመለስ ፔዳሉ ሸጋ ነበር። ከፊቴ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማውረድ ቆመ። ረገጥኩ፤ ያዘ። እግሬን ሳላነሣ፣ እንደረገጥኩት፣ ፔዳሉ ከሥሬ ቀስ እያለ፣ እንደ ቅቤ እየቀለጠ ወደ ወለል ወረደ። መኪናዋ እንደገና መንከባለል ጀመረች። ለቅቄ ብደግመው ያዘና እንደገና ሰመጠ። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጎተትኩት። በሽቦ ነው የሚሠራው፤ ከዘይቱ ጋር ጉዳይ የለውም፤ እሱ አተረፈን። ከሚኒባሱ ኋላ የቀረን ርቀት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ልጄ ምንም አልተናገረችም፤ የበሩን እጀታ እንደጨበጠች ቀረች። ከሚኒባሱ የወረደች አንዲት እናት ግን አይታን፣ «እግዚአብሔር ይማርህ! ልጅ ይዘህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በእጅ ፍሬንና በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ቤት ገባን። ለአባቴ የነገርኩት በማግሥቱ ነው። እንደ ፈራሁት አልተቆጣም፤ ስለ ልጄ ብቻ ጠየቀ።

በሰፈራችን አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለ። ሄጄ የሆነውን ስነግረው ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

«በደንብ ይዞ፣ እግርህ እንዳለበት ነው የሰመጠው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከየትም አይንጠባጠብም?»

«አይንጠባጠብም።»

«ማስተሩ ነው። ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል። ስትረግጡ እስከ ወለል ነበር የምትረግጡት?»

እስከ ወለል ነበር። በመቶ የሚቆጠር ጊዜ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ማስተሩ በዘመኑ ሁሉ የሠራው በመጀመሪያው ግማሽ ርዝመቱ ነው፤ እዚያ ያለው ግድግዳ እንደ መስተዋት ነው። ፒስቶኑ ደርሶበት የማያውቀው የወዲያኛው ግማሽ ግን፣ ዘይቱ በጠጣው ውኃ የተነሣ ዝጎ ይከርማል። ፔዳሉን እስከ ወለል ስትሰዱት ጎሚኒው በዚያ ዝገት ላይ ይሄድና ከንፈሩ ይቆረጣል። ደህና የነበረውን ማስተር የገደልኩት አየር የማወጣ መስሎኝ ነው። «አሮጌ መኪና ከሆነች ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ታደርጋለህ፤ እስከ ወለል እንዳይሄድ» አለኝ። ይህን የመሰለ ነገር በአንድም የፊዚክስ መጽሐፍ ላይ አላየሁም።

በሦስተኛው ቅዳሜ የሠራነው በሥርዓቱ ነው። አዲስ ማስተር ተገኘ፤ ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴም ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ዘመድ አላት። ከመገጠሙ በፊት ጠረጴዛ ላይ አስረን፣ ዘይት ሞልተን፣ ፒስቶኑን በቀስታ እየገፋን አየሩን አወጣንለት፤ ባዶውን ቢገጠም ኖሮ ውስጡ የታሰረው አየር ለሌላ ቅዳሜ ይዳርገን ነበር። ከፔዳሉ በሚመጣው ዘንግና በፒስቶኑ መካከል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተውን። ይህች ክፍተት ከጠፋች ፒስቶኑ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ቀዳዳ እንደተደፈነች ትቀራለች፤ ያኔ ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዛል፣ ይግላል። የጎማ ቱቦዎቹንም አራቱንም ቀየርን። ከውጭ ደህና ይመስሉ ነበር። አንዱን ሽማግሌው በምላጭ ሰንጥቆ ቢያሳየኝ ውስጡ አብጦ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ነው የቀረችው። እንዲህ ያለ ቱቦ ዘይቱን በግፊት ያሳልፍና አልመልስ ይላል፤ አንዱ እግር ይዞ ይቀራል፤ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትስባለች።

ልጄ እንደገና ሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ከፔዳሉ ሥር እንጨት አለ። «ያዝኩ» ትላለች፤ እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ፤ «ልቀቂ»። በአንድ እግር ስምንት ዘጠኝ ርግጫ ብቻ ነው የፈጀብን። እኔ «ተስተካክሏል» አላልኩም። ልጄ ናት ፔዳሉን ረግጣ ይዛ፣ «አባዬ፣ አይለመጥም፣ አይሰምጥም፣ ሁለተኛ ብረግጠውም ያው ነው» ያለችኝ።

አባቴ መጣና እሷን አስነሥቶ ራሱ ገባ። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ፔዳሉን ረግጦ አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገመ፤ እግሩ ከነበረበት አልወረደም። እንደገና ደገመ። ከዚያ ወጣና በሩን ዘጋ።

«ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንነሣለን» አለኝ።

ጎሃ ጽዮን ላይ ቆመን ቁርስ በላን። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ጀመርኩት። መንገዱ ሲከፋ ረገጥ አድርጌ እለቃለሁ፤ ይዤ አልቆይም፤ መሃል መሃሉን ታምቡሩ ይቀዘቅዛል። አባቴ መንገዱን ሳይሆን እግሬን ነበር የሚያየው። ታች ድልድዩን ከማቋረጣችን በፊት በረሃው ሙቀት ላይ ጥግ ይዤ ቆምኩና የእጄን ጀርባ ወደ አራቱም እግሮች በየተራ አስጠጋሁት። ሦስቱ ይሞቃሉ። የቀኙ የፊት እግር ግን ከሌሎቹ ይልቅ ይፋጃል።

«አንዱ ጠብቋል?» አለ አባቴ በመስኮቱ።

«የቀኝ የፊቱ።»

«ካቻቢቴው ከወንበሩ ሥር ነው።»

እስኪቀዘቅዝ ሩብ ሰዓት ጠብቀን በክሪክ አነሣሁት፤ ሁለቱንም ኮከቦች ሁለት ሁለት ጥርስ መለስኩና የደጀንን ዳገት ጀመርን።